ክሎዛፒን፦ ደም፣ ሆድ፣ ሲጋራ

ክሎዛፒን የሚታዘዘው ቢያንስ ሁለት ሌሎች መድኃኒቶች በበቂ መጠንና ጊዜ ተሞክረው ላልረዷቸው የስኪዞፍሬኒያ ሕሙማን ነው። እ.ኤ.አ. በ1975 ፊንላንድ ውስጥ መድኃኒቱን ሲወስዱ ነጭ የደም ሕዋሳቸው የተሟጠጠባቸው ታካሚዎች በኢንፌክሽን በመሞታቸው በበርካታ አገሮች ከገበያ ወጥቶ ነበር። በ1988 የታተመ የአሜሪካ ጥናት ግን ሌላ ነገር አሳየ፤ ሃሎፔሪዶል የተባለው ነባር መድኃኒት ካልረዳቸው መካከል ክሎዛፒን ከተሰጣቸው 30 በመቶው ሲሻላቸው፣ ክሎርፕሮማዚን የተባለው ሌላ ነባር መድኃኒት ከተሰጣቸው ግን የተሻላቸው 4 በመቶው ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመት አሜሪካ መድኃኒቱን የደም ምርመራን ግዴታ አድርጋ ፈቀደች።

በተለመደው አሠራር ደም በመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት በየሳምንቱ፣ በቀጣዮቹ ስድስት ወራት በየሁለት ሳምንቱ፣ ከዚያ በየወሩ ይመረመራል። አሜሪካ በ2025 መድኃኒቱን ከምርመራ ውጤት ጋር ያሰረውን መርሐ ግብር አንስታለች፤ ምርመራው ራሱ ግን አሁንም ይመከራል። በምርመራ መሐል ትኩሳት ወይም የጉሮሮ ሕመም ከመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም፤ ደም በዚያው ቀን መታየት አለበት። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የደረት ሕመም፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የልብ መፍጠን ከታየም የልብ ጡንቻ ብግነት ሊሆን ይችላል፤ ሐኪም ዘንድ በቶሎ መድረስ ያስፈልጋል።

ከሁሉ የሚናቀው የሆድ ድርቀት ነው። ስለ ደም ምርመራ ሁሉም ያወራል፤ ታካሚው ሽንት ቤት ከሄደ ስንት ቀን እንደሆነው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ክሎዛፒን አንጀትን ስለሚያዘገይ ድርቀቱ አንጀት ዘግቶ ሊገድል ይችላል። ውኃና አትክልት ይረዳሉ፤ ብዙዎች ግን ማለስለሻ መድኃኒትም ያስፈልጋቸዋል። የሆድ መነፋት፣ ከባድ ቁርጠትና ማስመለስ ድንገተኛ ሕክምና ይሻሉ።

ሲጋራም ከመድኃኒቱ ጋር ቀጥተኛ ጉዳይ አለው። ጢሱ ጉበት ክሎዛፒንን ፈጥኖ እንዲሰባብር ያደርጋል፤ ይህን የሚያደርገው ኒኮቲኑ ሳይሆን ከትምባሆው ቃጠሎ የሚወጣው ነገር ነው። ስለዚህ አጫሹ ሲጋራ ሲያቆም፣ ሆስፒታል ተኝቶ ማጨስ ስለተከለከለ ብቻ እንኳ ቢሆን፣ ዶዙ ሳይለወጥ በደሙ ያለው መጠን በቀናት ውስጥ ሊያሻቅብና ከባድ ድብታ፣ አልፎም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ማቆሙ መልካም ነው፤ ሐኪሙ አስቀድሞ ካወቀ ዶዙን ይቀንሳል። ቡናም መጠኑን ከፍ ያደርገዋል። በቀን ብዙ ስኒ የለመደ ሰው መተው አይጠበቅበትም፤ ድንገት መጨመር ወይም ማቋረጥ ነው ችግሩ። አንዳንዶች ያለ ማዘዣ ከመድኃኒት ቤት የሚገዙት ሲፕሮፍሎክሳሲን የተባለው አንቲባዮቲክም መጠኑን በእጅጉ ስለሚያንር፣ ለተቅማጥ ወይም ለሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን አንቲባዮቲክ የሚፈልግ ታካሚ ክሎዛፒን እንደሚወስድ መናገር አለበት።

መድኃኒቱ ከ48 ሰዓት በላይ ከተቋረጠ በቀድሞው ዶዝ አይቀጠልም። ሰውነት የለመደውን ስለሚረሳ የደም ግፊት በአደገኛ ሁኔታ ሊወርድ ይችላል፤ ሐኪሙ እንደገና ከ12.5 ሚሊ ግራም ጀምሮ ቀስ በቀስ ይጨምራል። ያለፈውን ለማካካስ በእጥፍ መዋጥም አይገባም።