በናይቫሻ ሐይቅ ዳር ስላሉት የእንግዳ ማረፊያ ቤቶች

በኬንያ አገር ከናይሮቢ ከተማ ወደ ሰሜን ምዕራብ 90 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የናይቫሻ ሐይቅ ይገኛል። ሐይቁ ከእኛው ከዝዋይ፣ ከላንጋኖና ከአዋሳ ጋራ በአንድ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ የተኛ ስለ ሆነ፣ ለኢትዮጵያዊ መንገደኛ እንግዳ አይመስልም። ግራሩም፣ ደንገሉም፣ ዓሣ አዳኙ ንስር በማለዳ የሚያሰማው ጩኸትም አገሩን ያሳስበዋል። እንግዳ የሚሆኑብን በዳርቻው የተሠሩት ቤቶች ናቸው። እነዚህን ቤቶች ለአንባቢዎቻችን ለመግለጽ የወደድነው ስለ ውበታቸው ብቻ አይደለም፤ በማን ምድር ላይ እንደ ቆሙ ጭምር እንዲታወቅ ነው። ዓመታቱን የምንጽፈው በአውሮፓውያን አቈጣጠር መሆኑን አስቀድመን እናመለክታለን።

ከናይሮቢ የተነሣ መንገደኛ በማይ ማሂዩ በኩል ከስምጡ አፋፍ ቁልቁል ሲወርድ፣ ከመንገዱ ዳር አንዲት እጅግ ትንሽ የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ያያል። መንገዱንም ቤተ ክርስቲያኒቱንም የሠሩት የኢጣልያ ምርኮኞች ሲሆኑ፣ ቤተ ክርስቲያኒቱ የተሠራችው በ1942 ነው። በ1935 አገራችንን የወረረው ሠራዊት በ1941 ድል በሆነ ጊዜ ከተማረኩት ወታደሮች ብዙዎቹ ወደ ኬንያ ተወስደው ነበርና፣ በእኛ ምድር ላይ ገዥ ሊሆኑ የመጡት ሰዎች በሰው አገር ድንጋይ ፈልጠው መንገድ አበጁ። ይህን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ በዚያ ሲያልፍ ጥቂት ሳይቆም አይሄድም።

ከዚያ በኋላ ሜዳው ይከፈታል፤ ሐይቁም ይታያል። የሐይቁ ወለል ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ከፍ ያለ ስለ ሆነ፣ ቀኑ ሞቃት ቢሆንም ሌሊቱ ይበርዳል። የቀድሞዎቹ እንግሊዛውያን ሰፋሪዎች ቤታቸውን ሲሠሩ ይህን አስበዋል። ቤቱ ብዙውን ጊዜ ፎቅ የሌለው፣ ግንቡ ድንጋይ፣ ጣራው ቆርቆሮ ወይም የእንጨት ክዳን ነው። በስተፊቱ ወደ ውሃው የሚያይ ሰፊ በረንዳ አለው፤ በውስጡም ማታ ግንድ የሚነድበት ምድጃ ይገኛል። ከበረንዳው እስከ ውሃው ድረስ የታጨደ መስክ ይዘረጋል፤ በመስኩም ላይ ቅርፊታቸው ብጫ የሆነ ታላላቅ ግራሮች ይቆማሉ። በአሥር ሰዓት ገደማ ሻይ ከኬክ ጋራ በመስኩ ላይ ይቀርባል። ይህ ሥርዓት ሰፋሪዎቹ ከሄዱም በኋላ አልቀረም፤ ዛሬ በእነዚህ ቤቶች የሚያርፉት ኬንያውያን ቤተ ሰቦችም ደስ ብሏቸው ይጠጡበታል። እኛም የእንግዳ አቀባበላቸውን ሳናመሰግን አናልፍም። እንግዳው ሳይጠይቅ ብርድ ልብስ ይጨመርለታል፤ ያለ ጥሪም እልፍኙን የሚያንኳኳ የለም።

ልጆች ይዘው ለሚሄዱ ወላጆች ግን አንድ ነገር እናስጠነቅቃለን። ጨለማ ሲሆን ጉማሬዎች ከውሃ ወጥተው ያንኑ የታጨደ መስክ ይግጣሉ። ስለዚህ ከራት በኋላ እንግዳ ወደ መኝታው ብቻውን አይሄድም፤ ዘበኛ ባትሪ ይዞ ይሸኘዋል። ጉማሬ ወፍራምና ዝግተኛ መስሎ የሚታያቸው ሰዎች ይሳሳታሉ፤ በየብስ ላይ ሰውን ሮጦ ይቀድማል፤ ይገድላልም። ዘበኛው ቁሙ ሲል መቆም እንጂ ፎቶግራፍ ለማንሣት መጠጋት አይገባም።

በእነዚህ ቤቶች ደጃፍ ሁሉ ሳፋሪ የሚል ቃል ተጽፎ ይነበባል። በስዋሂሊ ቋንቋ ሳፋሪ ማለት ጉዞ ብቻ ነው፤ ነጋዴ ወደ ገበያ ሲሄድ፣ እናትም ልጇን ለመጠየቅ ስትሄድ ሳፋሪ ይባላል። አደንን፣ ድንኳንንና ጠመንጃ ተሸካሚን የጨመሩበት አውሮፓውያን ናቸው። በ1909 የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የነበሩት ቴዎዶር ሩዝቬልት፣ ሥልጣናቸውን ባስረከቡበት ዓመት፣ ወደዚህ ሐይቅ መጥተው በሰፋሪዎች እርሻ ላይ በእንግድነት ተቀምጠው ጉማሬ አድነዋል። በ1977 የኬንያ መንግሥት አደንን ስለ ከለከለ፣ ዛሬ በየግድግዳው የተሰቀለው ቀንድ የድሮ ነው።

አሁን ወደ ምድሩ ነገር እንመለስ። ናይቫሻ የሚለው ስም ራሱ ከማሳይ ቋንቋ የመጣ ሲሆን፣ ትርጓሜው የሚናወጥ ውሃ እንደ ማለት ነው፤ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ድንገት ተነሥቶ ሐይቁን ያናውጠዋልና። እንግሊዞች ከመምጣታቸው በፊት ማሳዮች ከብታቸውን በዚህ ሸለቆ ያሰማሩ ነበር። በእኛ አገር ክፉ ቀን የተባለውን ዘመን ያመጣው የከብት በሽታ ወደ ደቡብ ወርዶ የእነርሱንም ከብት ፈጀ፤ ፈንጣጣም ሰዉን ጨረሰ። እንግሊዞች የባቡር ሐዲድ ከሞምባሳ ጀምረው በ1901 ቪክቶሪያ ሐይቅ ባደረሱ ጊዜ፣ ያገኙት በዚህ መከራ የተዳከመ ሕዝብ ነበር። ባዶ መሬት አገኘን ብለው የጻፉት ሰፋሪዎች ይህን አልተናገሩም።

በ1904 የማሳይ መሪዎች ሸለቆውን ለቀው በሁለት የተከለሉ አገሮች፣ አንደኛው በሰሜን በላይኪፒያ፣ ሁለተኛው በደቡብ፣ እንዲቀመጡ የሚያዝ ውል ተፈራረሙ። ውሉም የማሳይ ሕዝብ እስካለ ድረስ እንዲጸና ተጽፎ ነበር። ነገር ግን ሰባት ዓመት ብቻ ቆይቶ፣ በ1911 ሌላ ውል ተደርጎ በሰሜን የነበሩት ደግሞ ከላይኪፒያ ወደ ደቡብ እንዲሄዱ ተደረገ። ማሳዮች ጠበቃ ይዘው ተከራከሩ። በ1913 ፍርድ ቤቱ ውሉ በሁለት መንግሥታት መካከል የተደረገ ስምምነት ስለ ሆነ እኛ ልንዳኘው አንችልም ብሎ አሰናበታቸው። ሕዝቡ መሬቱን ሲለቅ እንደ ተገዥ ታዘዘ፤ ዳኝነት ሲጠይቅ ግን እንደ ባዕድ መንግሥት ተቈጠረ። የሕግ ሰዎች የሆኑ አንባቢዎቻችን ይህን ፍርድ ደጋግመው ቢያስቡበት መልካም ነው።

በለቀቁት መሬት ላይ ቤቶቹ ተሠሩ። ከሁሉ ይልቅ ስሙ የተነሣው በ1920ዎቹ በደቡቡ ዳርቻ የተሠራውና የጂን ቤተ መንግሥት እየተባለ የሚጠራው ነጭ ቤት ነው፤ አሠራሩም በሞሮኮ ሥርዓት ነው። በኋላ የኖሩበት የኤሮል መስፍን በጥር ወር 1941 በናይሮቢ አጠገብ በጥይት ተገድለው ተገኙ። የተከሰሰው ባላባት በነጻ ተለቀቀ፤ ገዳዩም በፍርድ አልታወቀም። ስለዚያ ወገን አኗኗር ብዙ መጻሕፍት ተጽፈዋል፤ በቤተ ሰብ ገጽ ላይ የሚተረክ ስላልሆነ እንተወዋለን።

ከ1937 እስከ 1950 ድረስም በውሃ ላይ የሚያርፉ አውሮፕላኖች ከእንግሊዝ ወደ ደቡብ አፍሪቃ ሲመላለሱ በዚህ ሐይቅ ላይ ያርፉ ነበር።

ኤልሳሜር የሚባለው ቤት ሌላ ታሪክ አለው። ኤልሳ የተባለችውን አንበሳ ያሳደጉትና ታሪኳን በ1960 በመጽሐፍ ያወጡት ጆይ አዳምሰን በ1967 ገዙት። እርሳቸው በ1980 ከተገደሉ በኋላ ቤቱ ቤተ መዘክርና የእንግዳ ማረፊያ ሆነ። እንግዶች በመስኩ ላይ ሻይ ሲጠጡ ጉሬዛዎች ከግራሩ ወርደው ኬኩን እስኪሻሙ ድረስ ተላምደዋል።

ከ1980ዎቹ ጀምሮ ደግሞ ዳርቻውን የያዘው የአበባ እርሻ ነው። የጂን ቤተ መንግሥት ርስትም ወደዚሁ ሥራ ገብቷል። ጽጌረዳው በላስቲክ ቤት ውስጥ ይበቅላል፤ ይቆረጣል፤ በአውሮፕላንም ወደ አውሮፓ ይሄዳል። በዝዋይ አጠገብ እንዲህ ያለውን እርሻ ያየ ሰው ወዲያው ያውቀዋል። ሥራው ለብዙ ሺህ ሰዎች እንጀራ ሆኗል፤ ይህን መካድ አይገባም። ነገር ግን ውሃው የሚቀዳው ከዚያው ሐይቅ ነው፤ በ2009 በድርቁ ጊዜ ሐይቁ እጅግ ጎድሎ ነበር። በጣና ላይ ያስቸገረን እምቦጭም በናይቫሻ ከ1988 ጀምሮ ይታያል። ከ2020 ወዲህ ደግሞ ነገሩ ተገልብጦ፣ ዝናሙ ስለ በዛ ውሃው ከዳር ወጥቶ ዝቅ ብለው የተሠሩትን ቤቶች አጥለቀለቀ። በቆላው ሠፈር የሚኖሩ ድኾች ቤታቸውን ጥለው ሸሹ፤ ባለ እንግዳ ማረፊያዎቹም የጀልባ መቆሚያቸውን ወደ ኋላ ሳቡ።

ወደዚያ የሚሄድ ሰው ጀልባ የሚሳፈረው በጠዋት ይሁን፤ ከቀትር በኋላ ስሙ እንደሚለው ውሃው ይናወጣል። ሹራብም አይርሳ። ከጀልባው ላይ ሆኖ ዳርቻውን ሲመለከት፣ በመጀመሪያ የታጨደ መስክና ነጭ በረንዳ፣ ቀጥሎ አጥር፣ ከዚያ የላስቲክ ቤት፣ እንደ ገና አጥርና ሌላ መስክ ያያል። ለማንም ክፍት የሆነው ዳርቻ ጥቂት ነው። በሁለት አጥሮች መካከል ግን አልፎ አልፎ ጠባብ መተላለፊያ ይገኛል፤ በበጋ ወራት የማሳይ እረኞች ቀይ ሽማቸውን አገልድመው፣ ከብቶቻቸውን አንድ በአንድ እያሳለፉ ወደ ውሃው የሚያወርዱት በዚያ ነው።