የጠይብ ደም

ዳሚ ሐርጌሳ ውስጥ ገቦዬ የሚባሉት፣ በሙያቸው የሚገለሉ ሶማሌዎች የሚበዙበት ሰፈር ነው። ብረት ቀጥቃጩ ቱማል፣ ቆዳ ሠሪው፣ ጫማ ሰፊው፣ ፀጉር አስተካካዩ እዚያ ይኖራል። ከኢትዮጵያ የተሰደድነውም ኪራዩ ስለሚቀል እነሱው ጎን ተጠግተን ነበር። እናቴ በጅግጅጋና በቶጎ ውጫሌ አድርጋ ስታሻግረኝ ገና ልጅ ነበርኩ።

ጎረቤታችን ቱማል ነበር፤ እኛ ልጆቹ አዴር እንለዋለን። ቆርቆሮ ዳሱ ሥር ተቀምጦ ከአሮጌ መኪና ባሌስትራ ቢላዋና መጥረቢያ ያወጣል። ወናፉን እየነፋ ዓይኑን ከብረቱ አይነቅልም። ብርቱካንማ ሲሆን በጉጠት አውጥቶ መስፉ ላይ ያጋድመውና ይቀጠቅጠዋል፤ መጥቆር ሲጀምር ወደ ከሰሉ ይመልሰዋል። ጎጃም ያደገችው እናቴ ቡዳ ትፈራ ስለነበር፣ መጀመሪያ ሰሞን በደጁ ስናልፍ ፊቴን በነጠላዋ ትሸፍነኝ ነበር። የሻይ መሸጫዋ ምድጃ ተሰብሮባት እሱ ከጠገነላት በኋላ ግን የጠዋት ሻዩን ከእሷ ዘንድ መጠጣት ጀመረ፤ ነጠላውም ቀረ።

በ1988 እ.ኤ.አ. የዚያድ ባሬ አውሮፕላኖች ሐርጌሳን ሲደበድቡ አዴርም እንደ ከተማው ሰው ወደ ሃርቲሼክ ካምፕ ሸሽቶ ነበር። «እዚያ አንድ ላይ ተሰልፈን ውሃ ቀዳን» ይላል። ከተመለሱ በኋላ ሴት ልጁን የሌላ ጎሳ ጎረምሳ ወደዳት። የጎረምሳው ዘመዶች ሰምተው አስጣሉት። «ደማችን አይገጥምም አሉ» ብሎ ነገረን፤ መዶሻውንም አላስቀመጠም።

ሙያዬ በኋላ ከዚሁ ከደም ጋር አገናኘኝ። ውጭ አገር ተምሬ አርኤንኤ የሚነበብበት ላብራቶሪ ገባሁ። ዲኤንኤ በሁሉም ሴል ውስጥ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፤ አርኤንኤ ደግሞ ሴሉ በዚያች ሰዓት የትኛውን ጂን እየተጠቀመበት እንደሆነ ያሳያል። ቶሎ ይበላሻል፤ በእጃችን ቆዳ ላይ ያለው ኢንዛይም ብቻ ይበቃዋል። ስለዚህ ያለ ጓንት ቱቦ አይነካም፤ ናሙናውም ከዜሮ በታች 80 ዲግሪ ይቀመጣል። ወደ ዲኤንኤ ተገልብጦ ማሽኑ ላይ ሲጫን በሚሊዮን የሚቆጠሩ አጫጭር ንባቦች ይወጣሉ፤ ኮምፒውተሩ እያንዳንዱ ከየትኛው ጂን እንደመጣ ለይቶ ይቆጥራል። ሰውየው ሰሞኑን ኢንፌክሽን ይዞት እንደሆነ ከዚያ ማየት ይቻላል። አያቱ ብረት ይቀጥቅጥ፣ በሬ ይጥመድ የሚናገር ምልክት ግን አላየሁም።

በ2015 እ.ኤ.አ. አንድ ጥናት እጄ ገባ። ቀደም ሲል በ2012 የሉካ ፓጋኒ ቡድን የ235 ሰዎችን ዲኤንኤ ሲመረምር፣ ከደቡብ ኢትዮጵያ አሪዎች ውስጥ ብረት ቀጥቃጮቹ ከገበሬዎቹ ተለይተው ታይተው ነበር። ቀጥቃጮቹ የጥንት አዳኞች ቅሪት፣ ገበሬዎቹ ኋላ የመጡ ናቸው የሚል ግምት ነበረ። እጄ በገባው ጥናት የለንደኖቹ ሉሲ ቫን ዶርፕና ጋሬት ሄለንታል፣ ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲው እንዳሻው በቀለና ከአየለ ታረቀኝ ጋር ሆነው ጉዳዩን እንደገና አዩት። ሁለቱ ወገኖች ከአንድ ምንጭ የወጡ ናቸው፤ የተለያዩትም ባለፉት 4,500 ዓመታት ውስጥ ነው። ጥቂት ሰዎች ለብዙ ትውልድ እርስ በርስ ብቻ ሲጋቡ አንዳንዱ የዘር ልዩነት ይጠፋል፣ አንዳንዱ ይበዛል፤ የተለመደው ስሌት ይህንን የሩቅ ዘር አድርጎ ያሳየዋል። ይህ በሂሳቡ ውስጥ ሲገባ ቀጥቃጩና ገበሬው ወንድማማች ሆነው ተገኙ። መገለሉ ነው ደሙን የለየው፤ ደሙ መገለሉን አላመጣም።

የአሪ ውጤት የአሪ ነው፤ ለቱማል ማስረጃ አድርጌ አላቀርበውም። ለእናቴ ግን በስልክ አስረዳኋት። ሳታቋርጠኝ ሰማችና፣ «እሺ፣ ባይገጥምስ ኖሮ ልጅቷን መከልከላቸው ልክ ሊሆን ነበር?» አለችኝ።

አልነበረም። ይህን ለማወቅ ደግሞ ማሽን አያስፈልግም።