የሚቀበር ገንዘብ

«ቤት ልሠራ ነው» ብሎ ያወራ ሰው፣ አንድ መሐንዲስ ከመቅጠሩ በፊት ሃምሳ መሐንዲስ በነፃ ያገኛል። እኔም አግኝቻለሁ። የእቁብ ጓደኞቼ «ፎቅ ካልሆነማ ምኑን ቤት ሆነ!» ይሉኛል። እህቴ ሳሎኑ 60 ለቀስተኛ የሚያስቀምጥ እንዲሆን ትፈልጋለች። አንድ የሠፈራችን ሽማግሌ ደግሞ ባገኙኝ ቁጥር ስለ በረንዳው ምሰሶ ቅርጽ ሳይመክሩኝ አያልፉም። ስለ መሠረቱ የጠየቀኝ ግን አንድም ሰው የለም።

ቦታችን አዲስ አበባ ውስጥ፣ ጥቁር አፈር ላይ ነው። የዚህን አፈር አመል ያየ ያውቀዋል። ክረምት ውሃ ጠጥቶ ያብጣል፤ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ያወጣል። ላዩ ላይ የተቀመጠን ቀለል ያለ ቤት ያነሣዋል፣ መልሶም ያወርደዋል። በሠፈራችን ከመስኮት ጥግ ተነሥቶ አግድም የሚሰነጠቅ ግድግዳ ሞልቷል። ባለቤቶቹ ለእንቁጣጣሽ ቀለም ይቀቡታል፤ በጋው ገፋ ሲል ስንጥቁ ተመልሶ ከች ይላል።

ወጣቱ መሐንዲሳችን ታዲያ «ጥቁሩ አፈር ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ፤ መሠረቱም ጠንካራው መሬት ድረስ ይውረድ» አለን። ከ14 ዓመት ቁጠባችን ሢሶው ያህል መሬት ውስጥ ሊገባ ነው። ባለቤቴ ዝም ብላ ቆየችና «ይሄን ሁሉ ብር ቀብረን ለሰው ምን እናሳያለን?» አለችኝ። እውነቷን ነው። እኛ ዘንድ ቤት የሚመረቀው በሴራሚኩ ነው። ስለ ፌሮው ውፍረት ደግሶ ሰው የጠራ አላየሁም።

አርማታም ያው ነው፤ ጥንካሬው በማይታየው ላይ ነው። ሠራተኛው ማቡካቱ ሲከብደው ውሃ ይጨምርበታል። ለመሙላት ይቀላል፤ ከደረቀ በኋላ ግን አቅሙ ያንሳል። ተሞልቶም አያበቃም። ቢያንስ 7 ቀን ውሃ እየጠጣ መቆየት አለበት፤ ጥንካሬው የሚለካውም በ28ኛው ቀን ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሠፈር፣ ሲሚንቶ ያሰበ በርሜልም ማሰብ ግድ ይለዋል።

ሁለት ሳምንት ተከራከርን። በመጨረሻ ባለቤቴ እርሳስ አንሥታ ፎቁን ሰረዘች፣ ሳሎኑንም አጠበበች። «ለቅሶ ሲመጣ ድንኳን እንተክላለን» አለች። እህቴ እንዳኮረፈች ነው። ቁፋሮው መስከረም ከጠባ በኋላ ይጀመራል። ነገ እንግዳ መጥቶ «ገንዘባችሁ የት ገባ?» ቢለን፣ የቆመበትን ወለል እናሳየዋለን።