ማማ ላይ የሚነበብ ደብተር

በጥቅምት ከወልዲያ ወደ ቆቦ የሚጓዝ ሰው ሮቢት ሲደርስ ዓይኑ ማሽላው ላይ ያርፋል። አገዳው ከሰው ቁመት አልፏል፤ ዛላው ከብዷል፤ በየማሳው መሐል የእንጨት ማማ ቆሟል። ወፍ የሚበረታው ማለዳና አመሻሽ ላይ ስለሆነ፣ ቀትር ላይ ጠባቂውም ወንጭፉን አስቀምጦ ትንሽ ያርፋል። አንዱን ጠባቂ ግን በዚያ ሰዓት ሲያነብ አገኘሁት። በላስቲክ የጠቀለለው ደብተር ስለ ደም ዝውውር የተጻፈበት ነው። ቅዳሜና እሁድ ነርሲንግ ይማራል፤ በአዘቦት ቀን የሰው ማሽላ ይጠብቃል።

ለምን ይህን ሥራ እንደመረጠ ጠየቅሁት። «አያ፣ ሽንኩርት ተከላ የተሻለ ይከፍላል። ግን ከዚያ የመጣሁ ለት ማታ ደብተር ብገልጥም ዓይኔ አይገለጥልኝም» አለኝ።

የትርፍ ጊዜ ሥራ የሚፈልግ ተማሪ አስቀድሞ የሚጠይቀው ክፍያውን ነው። ይህ ልጅ ያሰላው ከሥራው በኋላ የሚተርፈውን ጉልበት ነው። የቆቦ ጊራና ሸለቆ በጉድጓድ ውኃ መልማት ከጀመረ ወዲህ በበጋም የቀን ሥራ አይጠፋም፤ ሽንኩርት ይተከላል፣ ቲማቲም ይለቀማል። ሽንኩርት የሚተክል ሰው ግን በራያ ፀሐይ ጎንብሶ ነው የሚውለው። ማታ ወገቡ ሳይቀና የልብን ክፍሎች ላጥና ቢል ከየት ያመጣዋል?

አስፋልቱ ዳር ጀበና ቡና የምትሸጥ ሌላ ተማሪ አለች። ስኒ ከማቅረቧ በፊት እጇን ስትታጠብ አየኋት። መዳፏን፣ የእጇን ጀርባ፣ በጣቶቿ መካከል፣ አውራ ጣቷን፣ በመጨረሻም የጣቶቿን ጫፍ በየተራ ፈተገች። ክፍል ውስጥ የተማረችውን ቅደም ተከተል አላዛነፈችም። አጠገቤ የተቀመጡ እናት «ሲስተር፣ የታዘዘልኝን መርፌ ማታ ቤት መጥተሽ ብትወጊኝ ምናለ? እከፍልሻለሁ» አሏት። «እማ፣ እኔ ገና ተማሪ ነኝ። ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ከፈለጉ አብሬዎት እሄዳለሁ» አለቻቸው።

ለአንድ መርፌ የሚከፈላት ከብዙ ስኒ ቡና ሊበልጥ ይችላል። ቢሆንም ልክ ናት። መርፌው ፔኒሲሊን ከሆነ፣ የማይስማማው ሰው በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥረው ይችላል፤ ያኔ ቤት ውስጥ የሚያድን መድኃኒትም ረዳትም የለም። መቀመጫ ላይ ያለቦታው የተወጋ መርፌ ነርቭ ነክቶ እግር ሊያሰንፍ ይችላል። ነርስነትን የሚማር ሰው ከሁሉ ቀድሞ እምቢ ማለት ያለበት ያለፈቃድ በሲሪንጅ ለሚገኝ ገንዘብ ነው።

እንቅልፍም ቢሆን እንደ ቅንጦት መታየት የለበትም። የዲግሪ ነርሲንግ አራት ዓመት ይፈጃል። ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ የሙያ ፈቃድ ፈተና አለ፤ በ2015 ዓ.ም. ደግሞ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። ለክፍያ ሲል እንቅልፉን የሸጠ ተማሪ የከፈለበትን ትምህርት ፈተና ላይ ሊጥለው ይችላል። የተግባር ልምምድ ሲመጣም ሥራው «ዛሬ አልመጣም» ለማለት የሚያስችል መሆን አለበት። ችግሩ ማሽላው እጅ የሚፈልግበት ከመስከረም እስከ ኅዳር ያለው ጊዜ በቆላው ወባ የሚበረታበትና ጤና ጣቢያው የሚጨናነቅበትም መሆኑ ነው።

አሜሪካ ያሉ ወገኖቻችን ሥራን ከትምህርት በማጣመር ረገድ የተሻለ መንገድ አላቸው። አርኤን (ባለፈቃድ ነርስ) ለመሆን የሚማሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን በአረጋውያን መጦሪያ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳት) ሆነው ይሠራሉ። ለዚህ ሥራ የአገሪቱ ሕግ ቢያንስ 75 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። በሽተኛ ማገላበጥ፣ ማጠብ፣ ማብላት፣ ግፊት መለካት የእነሱ ድርሻ ነው። የሌሊት ፈረቃው ቢያደክምም የሚሠሩትና የሚማሩት አንድ ነው፤ መርፌውም ለባለፈቃዱ ይቀመጣል።

ሮቢት ላይ እንዲህ ያለ ሥራ ለማበጀት ትልቅ በጀት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ካርድ የሚያወጣ፣ አቅመ ደካማ የሚደግፍ፣ አንሶላ የሚቀይር፣ በወባ ወቅት ወረፋ የሚያስተካክል ሰው ያስፈልጋል። ይህ አካባቢ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. በሰሜኑ ጦርነት ውስጥ አልፏል። በሰሜን ወሎ ጤና ተቋማት ተዘርፈው ሰው መድኃኒትና ሐኪም ባጣበት ጊዜ የአንድ ነርስ ዋጋ ስንት እንደሆነ አይተናል።

ስለዚህ ክሊኒክና መድኃኒት ቤት ያላችሁ፣ ጤና ጣቢያ የምትመሩ፣ ፈቃድ የማይጠይቀውን ሥራ በቀን ለጥቂት ሰዓት ለእነዚህ ልጆች ስጧቸው፤ በባለሙያ ዓይን ሥር ይሥሩ፤ ለፈተናም ልቀቋቸው። አንተም ተማሪው ሥራ ስትመርጥ ከብሩ በፊት ማታ ደብተር የምትገልጥበት ጉልበት ይተርፍህ እንደሆነ ጠይቅ። የማይተርፍህ ከሆነ ክፍያው የቱንም ያህል ቢሆን ይቅርብህ።