የየራስ ምርጫና የጋራ ማዕድ

በሀገራችን ልማድ ማዕድ የሆድ መሙያ ስፍራ ብቻ ሆኖ አያውቅም። ወዳጅነት የሚታደስበት፣ የተጣላ የሚታረቅበት፣ ታናሽ ለታላቅ አክብሮቱን፣ ታላቅም ለታናሽ ርኅራኄውን የሚገልጽበት አደባባይ ነው። ከአንድ ትሪ የሚቆርሱ ሰዎች አንደበታቸው ዝም ቢል እንኳ እጃቸው ውል የተዋዋለ ያህል ይቆጠራል። «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» የሚለውም የአባቶች ተረት የተነገረው ስለዚሁ ነው። እንግዲህ በዚህ ልማድ ላደገ ሰው፣ እያንዳንዱ ተመጋቢ ምግቡን እንደ ልቡ አሠርቶ የየራሱን ሳሕን ይዞ የሚቀመጥበት ቤት ምን ሊመስለው ይችላል? ይህን ጥያቄ እንዳነሣ ያደረገኝ በቅርቡ ከትምህርት ቤት ጓደኞቼ ጋር በአዲስ አበባ ባለ አንድ የፒዛ ቤት ያሳለፍነው ምሽት ነው።

እኛ አራት ነን። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርታችንን አብረን ጨርሰን፣ ዛሬ አንዱ መምህር፣ ሁለተኛው ነጋዴ፣ አንዷ እኅታችን ነርስ፣ እኔም የመንግሥት ሠራተኛ ሆነናል። በወር አንድ ጊዜ፣ ደመወዝ በተቀበልን ሰሞን፣ እንገናኛለን። መገናኛችንም አብዛኛውን ጊዜ ሥጋ ቤት ነበር። መምህሩ ሙስሊም ስለ ሆነ ክርስቲያን ያረደውን አይበላም፤ እኛም ሙስሊም ያረደውን አንበላም። ይህ ከጥንት የቆየ ሥርዓት ነውና ማንም በማንም አይቀየምበትም። የሆነ ሆኖ ጥብሱ በሸክላ ላይ እየተንጫጫ ሲመጣ እርሱ ሻዩን እያማሰለ ይቀመጣል፤ ጥቂትም ተጫውቶ «ልጆቹ ይጠብቁኛል» ብሎ ከሁላችን አስቀድሞ ይነሣል። ልጆቹ በእውነት ይጠብቁት ነበር ይሆናል። ነገር ግን ሦስት ሰዎች ሲበሉ አራተኛው ሻይ ሲያማስል ማየት ለበላተኛውም ቢሆን ደስ አይልም።

ከዚያ በኋላ ነው ነርሷ ወደዚህ ፒዛ ቤት እንድንሄድ ያሳሰበችው። የቤቱ አሠራር እንዲህ ነው። ተመጋቢው በመስተዋት በተከለለ ረጅም ጠረጴዛ ፊት ይቆማል። ሠራተኛው ጡጫ የሚያህለውን የቦካ ሊጥ በመዳፉ ጠፍጥፎ ያከብበውና የቲማቲም ሳልሳ ይቀባዋል። ከመስተዋቱ በስተኋላ ፎርማጆ፣ ሽንኩርት፣ ቃሪያ፣ እንጉዳይ፣ የወይራ ፍሬ፣ ቆስጣ፣ ቱና፣ ዶሮና የተፈጨ ሥጋ በየሳሕኑ ተደርድሯል። ሠራተኛውም እያንዳንዱን ሰው በትሕትና «ምን ይጨመርልዎ? ምንስ ይቅርልዎ?» ብሎ ይጠይቃል። የተመረጠው ሁሉ ከተነሰነሰ በኋላ ሊጡ ወደ ምድጃው ይገባል። እንዲህ ያለው አሠራር በአሜሪካን ሀገር የተስፋፋው በቅርብ ዘመን ሲሆን፣ ከቀዳሚዎቹ አንዱ ሞድ ፒዛ እ. ኤ. አ. በ2008 በሲያትል ከተማ ተከፈተ።

ፒዛ ራሱ ግን የናፖሊ ድኾች ምግብ ነበር። ሳልሳው የሚሠራበት ቲማቲም ወደ አውሮፓ የመጣው አሜሪካ ከታወቀች በኋላ ስለ ሆነ፣ ዛሬ የጣልያን መለያ የሚመስለን ምግብ ግማሽ አካሉ ከሩቅ የመጣ እንግዳ ነው። የናፖሊ ፒዛ ጋጋሪዎች ጥበብም እ. ኤ. አ. በ2017 በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ገብቷል። እኛም ሳልሳ፣ ፎርማጆ፣ ፉርኖ የምንላቸውን ቃላት የወሰድነው ከዚያው ከጣልያንኛ ነው። ወራሪው በ1933 ዓ. ም. ተባሮ ሲወጣ ቃላቱ ግን በወጥ ቤታችን ቀርተዋል። ከሁሉም ይልቅ ያስገረመኝ፣ ከናፖሊ ጥንታውያን ፒዛዎች አንዱ የሆነው ማሪናራ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት ብቻ ያለበት መሆኑ ነው። ፎርማጆም ሥጋም የለውም። የእኛን ረቡዕና ዓርብ ሳያውቅ ከጥንት ጀምሮ የጾም ምግብ ሆኖ ኖሯል ማለት ነው።

ያም ዕለት ረቡዕ ነበር። እኔና ነርሷ ጾመኞች ስለ ሆንን ከሳልሳው ላይ ነጭ ሽንኩርት፣ ቃሪያና እንጉዳይ አስጨምረን ፎርማጆውን አስቀረን። መምህሩ በመጀመሪያ ሥጋው የማን እርድ እንደ ሆነ ጠየቀ፤ መልሱን ሰምቶ ሥጋውንና ዶሮውን ተወና ቱናና ፎርማጆ መረጠ። ቀጥሎም መቁረጫው የዓሣማ ሥጋ የነካው እንደ ሆነ ጠየቀ። ሠራተኛው ፊቱን ሳያጠቁር እጁን ታጥቦ ሌላ መቁረጫ አወጣ። ይህን ሁሉ ሲጠይቅ ከኋላችን ከቆሙት ሰዎች አንድም የተነጫነጨ አልነበረም።

ነጋዴው ጾም አልያዘም፤ ምርጫም አላደከመውም። «ሁሉንም ጨምርልኝ» አለ። የእርሱ ፒዛ ሲወጣ ዳሩ አምሮ መካከሉ ግን የራሰ ነበር። ምክንያቱ ግልጽ ነው። በናፖሊ ምድጃው ከ430 ዲግሪ በላይ ግሎ ፒዛው ከ60 እስከ 90 ሰኮንድ ባለ ጊዜ ይበስላል፤ የእኛም ምድጃ ምንም እንኳ ያን ያህል ባይግል፣ ፒዛ የሚፈልገው አጭር ጊዜ ነው። እንጉዳዩም ቲማቲሙም ቆስጣውም ውሃቸውን ሲለቁ ሊጡ ለመድረቅ ፋታ አያገኝም። ሁሉን የመረጠ ሰው ምንም እንዳልመረጠ ይቆጠራል ብለን ሳቅንበት፤ እርሱም አብሮን እየሳቀ በማንኪያ ጨረሰው።

በገበታው ላይ ስንቀመጥ እንደ ልማዳችን እጃችን ወደ ጎረቤት ሳሕን መሄዱ አልቀረም። ያን ጊዜ አንድ ነገር አስተዋልሁ። የነጋዴውን ፒዛ ከራሱ በቀር ሊቀምሰው የሚችል አልነበረም። የመምህሩን እኔና ነርሷ ልንነካው አንችልም። ምንም ያልተጨመረበት የጾመኞቹ ፒዛ ግን ለአራታችንም ደረሰ። እኔም ከራሴ ቆርሼ መምህሩን አጎረስሁት፤ «ጉርሻና ፍቅር ሲያስጨንቅ ነው» እንዲሉ ጉንጩ እስኪሞላ ድረስ አላዘንሁለትም። ከትምህርት ቤት ከወጣን ወዲህ የመጀመሪያው ጉርሻችን ነበር። እርሱም አላምጦ ሲጨርስ ፈገግ ብሎ «ለዚህ ለዚህማ ሽሮስ መች አነሰን?» አለ።

ሁላችንም ሳቅን፤ ሳቁ ሲበርድ ግን ነገሩ በልቤ ቀረ። እውነቱን ነው። ከናፖሊ የመጣው ሊጥ ከእኛው ሽሮና ምስር የበለጠ ያደረገልን ነገር የለም። የቤቱ ዋና ስጦታ ያ የሠራተኛው ጥያቄ ነው። ምግቡ ከመሠራቱ በፊት እያንዳንዱ ሰው በየተራው «ምን ይቅርልዎ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ የሚጠየቅ ሰው ደግሞ ልጆቹን ምክንያት አድርጎ ቀድሞ መነሣት አያስፈልገውም። በዚያ ምሽት መምህሩ ከሁላችን በኋላ ነበር የተነሣው።

በእርግጥ ይህ አሠራር የሚያስቀርብን ነገር አለ። እያንዳንዱ በመግቢያው ላይ የራሱን ስለሚከፍል «እኔ ልክፈል፣ እኔ ልክፈል» የሚለው የሚያምር ጠባችን ጠፍቶብን ነበር፤ ነጋዴው እንዲያውም ቅር አለው። ለእኔ ግን እንደ ኪሴ መጠን መርጬ ማንንም ሳላስቸግር መብላቴ እፎይታ ነበር። የጠቡንም ነገር በቡናው ሒሳብ ላይ አካክሰነዋል።

እናቶቻችን ይህን ጥያቄ ከማንም ቀድመው ያውቁታል። ሠርግ ሲደግሱ ለሙስሊም እንግዶቻቸው በሬውን ወይም በጉን በሙስሊም እጅ አሳርደው፣ ድስቱን ለይተው፣ ወጥ ሠሪውንም ከእነርሱው ወገን አድርገው ያስተናግዳሉ። ሙስሊሙም ደጋሽ ለክርስቲያን እንግዶቹ እንዲሁ ያደርጋል። ይህ ሁሉ ድካም ከጥያቄ የመነጨ ነው።

ስለዚህ በየመሥሪያ ቤቱና በየትምህርት ቤቱ የስንብት፣ የሹመት ወይም የዓመት መጨረሻ ግብዣ የምታሰናዱ ወንድሞችና እኅቶች ሆይ፣ የምግቡን ዝርዝር ከመጻፋችሁ በፊት የሰዎቹን ዝርዝር ተመልከቱ። የሚጾመው ማን ነው? የማንን እርድ የማይበላው ማን ነው? ሐኪም የከለከለውስ? ይህን ለመጠየቅ በጀት አይጠይቅም፤ ግማሽ ሰዓት ይበቃል። ባለ ብዙ ዓይነቱ ገበታ ለሁሉ የማይደርስበት ጊዜ አለ፤ አንድ ትሪ የጾም በያይነቱ ግን መካከል ላይ ቢቀመጥ የሁሉም እጅ ይገናኝበታል። እንግዳ ከገበታችሁ ሻይ ብቻ ጠጥቶ የሄደ እንደ ሆነ ግብዣው ለእርሱ እንዳልተደረገ ቁጠሩት።