ስም ያልነበራት አህያ

በአንድ የደጋ ገበሬ ቤት የምትኖር አንዲት አህያ ነበረች። ጠጕርዋ ዐመድማ ነው፤ ከአንገትዋ እስከ ጅራትዋ የሚወርድ፥ በትከሻዋም ላይ የሚሻገር ጥቍር መሥመር ነበራት። ስም ግን አልነበራትም። በሬዎቹ ቡሬና ዳማ ይባላሉ፤ ውሻው እንኳ ስም አለው። እርስዋን ግን ሲፈልጓት «አህያዪቱን አምጡ»፥ ሲነዷትም «ሂጂ» ይሉ ነበር እንጂ ሌላ መጠሪያ አላወጡላትም።

አህያዪቱ ስለዚህ ነገር ብዙ ጊዜ ታስብ ነበር። ማታ ማታ ሽማግሌው አያት በእሳት ዳር ተቀምጠው የጥንቱን ዘመን ሲያወሩ በጋጣዋ ሆና ትሰማለችና፥ የዐፄ ቴዎድሮስ የፈረስ ስም አባ ታጠቅ፥ የዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፥ የዐፄ ምኒልክም አባ ዳኘው እንደ ነበረ ታውቃለች። «ፈረስ ጌታውን ወደ ጦርነት ስለ ተሸከመ ንጉሥ በስሙ ይጠራል። እኔ ግን ጌታዬ የሚበላውን እህል፥ የሚጠጣውን ውኃ፥ የሚሞቀውን እንጨት ዓመቱን ሁሉ እሸከማለሁ፤ በእኔ ስም አባ እገሌ የተባለ ሰው ግን እስከ ዛሬ አልሰማሁም» አለች። ነገር ግን በፊትዋ ጭድ ስለ ነበረ በዚህ አሳብ ብዙ አልቈየችም።

በግቢው በቅሎም ነበረች። አባትሽ ማን ነው ብለው ቢጠይቋት ፈረስ አጎቴ ነው ትላለች ይባላል። አህያዪቱ ግን አልተቀየመቻትም። የበቅሎ እናት ባዝራ ናትና ነገሩ ሐሰት አይደለም፤ አህያው አባትዋ ብቻ ተረስቶ ቀረ።

አንድ ቀን ደግሞ ገበሬው ሬዲዮ ሲያዳምጥ በ2016 ዓ.ም. በየካቲት ወር የአፍሪካ መሪዎች በአዲስ አበባ ተሰብስበው አህዮች ስለ ቆዳቸው እንዳይታረዱ ወሰኑ የሚል ወሬ ሰማች። በዓለም ላይ እንደ ኢትዮጵያ ብዙ አህያ ያለበት አገር የለምና ነገሩ የወገኖችዋ ሁሉ ነገር ነበረ። «ስለ ቆዳዬ ታላላቆች መሰብሰባቸው መልካም ነው፤ ስለ ጀርባዬ ቍስልስ መቼ ይሰበሰቡ ይሆን?» ብላ አሰበች።

ገበሬውም የዐሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበረው። በሰኔ ወር አንድ ዓርብ ቀን ልጁ ከትምህርት ቤት እያለቀሰ መጣ። ሲያነብ ከአንድ ረዥም ቃል ላይ ስለ ተሳሳተ፥ ጓደኞቹ «አህያ! አህያ!» እያሉ ስቀውበት ነበር። ከቤቱም ሲደርስ አህያዪቱን በደጅ ቆማ አገኛትና በበትር መታት። ተረቱ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይላል፤ ይህ ልጅ ግን ጓደኞቹን ፈርቶ አህያዪቱን መታ።

አህያዪቱም እጅግ ተገረመች። «እርሱን ያሳዘነው ቃል የእኔ የወገኔ ስም ነው። እኔ ከገበያ ስመለስ አንድ ቀን እንኳ መንገድ አልሳትሁም፤ ከሸክሜም ሰርቄ አልሸጥሁም። ውርንጭላዬ ስታጠፋ ‹ሰው!› ብዬ ብሰድባት ልጁ ምን ይል ይሆን?» አለች።

በማግሥቱ ቅዳሜ ገበሬው ታሞ ስለ ነበረ፥ ልጁ ግማሽ ኩንታል ጤፍ በአህያዪቱ ጭኖ ወደ ገበያ ሄደ። ግማሽ ኩንታል ማለት 50 ኪሎ ነው፤ የአህያዪቱም ሰውነት ቢመዘን ከዚያ እጥፍ እምብዛም አይበልጥም። ጤፉ ተሸጦ ለገበሬው መድኀኒት ሊገዛ ነውና ልጁ ይቸኵል ነበር። መጽሐፉን ግን በብብቱ ይዞ ነበር።

ከወንዙ መሻገሪያ በደረሱ ጊዜ አህያዪቱ ቆመች። ልጁ ጮኸ፤ ከፊት ሆኖ ጐተታት፤ ከኋላ ሆኖ ገፋት፤ መታትም። እርስዋ ግን ከቦታዋ አልተነቃነቀችም።

ፈረስ ሲፈራ ይሸሻል፤ አህያ ግን ስትፈራ ቆማ ትመረምራለች። ወገንዋ የዱር አህያ እስከ ዛሬ ጥቂት ቀርቶ በአፋር በረሃ ይኖራል፤ በእንዲህ ያለው ድንጋያማ ምድር ሳያይ የሚሮጥ እግሩን ይሰብራል። ሰዎች አህያን ካላመዱ 7000 ዓመት ያህል ሆኗል፤ ይህ ጠባይ ግን አልጠፋም። ዐይኖችዋም በራስዋ ግራና ቀኝ ስለ ተቀመጡ አብዛኛውን ዙሪያዋን ማየት ትችላለች። በዚያ ቀን ግን ውኃው ደፍርሶ ነበርና እግርዋን የምታሳርፍበት ድንጋይ አልታያትም።

ልጁ ደክሞት ከድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጥቂት ቈይቶም ከወንዙ በላይ እንደ ነጐድጓድ ያለ ድምፅ ተሰማ፤ ደራሽ ውኃ ግንድና ድንጋይ እያንከባለለ መጥቶ መሻገሪያውን ሸፈነው። አህያዪቱ ይህ እንደሚመጣ ዐውቃ ነበር ማለት አይቻልም። እርስዋ የምታውቀው አለማየትዋን ብቻ ነበር።

ልጁ ፊቱ ተለወጠ። ተነሥቶም ጭነቱን በዝግታ አወረደላት፤ ውኃው እስኪጐድል ድረስም መጽሐፉን ገልጦ ማንበብ ጀመረ። ያ ረዥም ቃል በመጣ ጊዜ እንደ ትላንቱ በችኰላ ሊዘልለው አለ። ከዚያ ግን አህያዪቱን ተመለከተና ቆመ። ፊደሉን አንድ አንድ እያለ አየ፤ ሁለት ጊዜም ተሳሳተ። አህያዪቱ ጆሮዎችዋን ወደ እርሱ መልሳ ሰማች እንጂ አልሳቀችም። በሦስተኛው ጊዜ ቃሉን አነበበው።

ወንዙ የጐደለው ከቀትር በኋላ ነው። መንገደኞች ሸክሙን መልሶ ለመጫን ረዱት፤ እርስዋም ውኃውን አሽትታ፥ አንድ እግርዋን አስቀድማ ተሻገረች። ገበያው ሊበተን ስለ ነበረ ጤፉ በርካሽ ተሸጠ፤ ለመድኀኒቱ ግን በቃ። ሲመለሱም ጨለማ ሆነ። ልጁ በትሩን በመንገድ ጥሎት ነበርና በእጁ አንገትዋን ነክቶ፥ «ነይ፥ አስተዋይ» አላት።

አህያዪቱም ሌላ ሰው የጠራ መስሏት ወደ ኋላዋ ተመለከተች።