በረዶ የደበደባት ታኮማ

አሮጌ መኪና ሊገዛ የሚሄድ ሐበሻ መጀመሪያ ኮፈን ያስከፍታል። ሞተሩን ያስነሳል፣ ጆሮውን ይደቅናል፣ ጭሱ ነጭ ይሁን ጥቁር አይቶ ራሱን ይነቀንቃል። ጋሼ ይህን አያደርጉም ነበር። ሻጩ ስለ ሞተሩ ማውራት ገና ሲጀምር፣ እሳቸው ከብብታቸው የታጠፈ ካርቶን አውጥተው አስፋልቱ ላይ ያነጥፉና በኋላ ጎማዎቹ መሃል በጀርባቸው ይገባሉ። በአንድ እጃቸው ባትሪ፣ በሌላው ትንሽ መዶሻ።

«ፒክአፕ የሚገዛው ለኋላው ነው» ይሉኝ ነበር። «ሞተር ይወርዳል፣ ይወጣል። ሻንሲው ከበሰበሰ ግን ምን ልታደርግ ነው?»

ሶማሌ ተራ ያደጉ መካኒክ ናቸው። ዴንቨር አጠገብ ኦሮራ ከተማ ከመጡ በኋላ ሙያውን ብዙም አልሠሩበትም፤ ጉልበታቸው ደክሟል፣ ልጆቻቸውም «አርፈው ይቀመጡ» ብለዋቸዋል። እናም ሐቫና ጎዳና አካባቢ ካለ አንድ የሐበሻ ቡና ቤት ጥግ ይዘው ይውላሉ። መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ቡናቸውን ከፍሎ ይዟቸው ይሄዳል። እኔም የተዋወቅኋቸው እንደዚያው ነው።

«ፒክአፕ ለምን ጭነት ፈለግኸው?» አሉኝ።

«ለብስክሌት ነው፣ ጋሼ።»

ትንሽ ዝም ብለው አዩኝና «ስንት ኩንታል ብስክሌት ነው?» አሉ።

ልጄ ያን ዓመት ሁለተኛ ደረጃ ገብታ የትምህርት ቤቷ የተራራ ብስክሌት ቡድን ውስጥ ተመዝግባ ነበር። ባለቤቴ እስከ ዛሬ «እሷ ፔዳል መታች፣ አንተ መኪና ገዛህ» ትለኛለች። ልክ ናት። ግን ብስክሌት በመኪና ላይ መጫን ለእኔ ከዚያም ቀደም ብሎ የተጀመረ ነገር ነው።

ባሕር ዳር ነው ያደግኩት። ከተማዋ ሜዳ ስለሆነች ተማሪውም አስተማሪውም ነጋዴውም በዘንባባው ሥር ፔዳሉን ይመታል። አጎቴ የመሥሪያ ቤት ሾፌር ነበር፤ የሚነዳው ነጭ ሃይሉክስ ከኋላው የብረት ቅስት ተተክሎለት ሸራ የለበሰ ነው። ለገና እረፍት ጢስ ዓባይ ዘመድ ዘንድ ስንሄድ፣ የእኔን አሮጌ ብስክሌት ስፖንዳው ላይ አስደግፎ፣ ከተቀደደ ካላማዳሪያ በቆረጠው ላስቲክ ያስራት ነበር። ሁለት ዙር ይጠመጥማል፣ ከዚያ ጫፉን በራሱ ላይ አሳልፎ እስኪጮህ ይስበዋል። ገመድ በፒስታ መንገድ ይላላል፤ ላስቲክ ግን ከመኪናው ጋር እየተንቀጠቀጠ ይዞ ይቆያል። እኔ ኮርቻዋን ይዤ አጠገቧ እቀመጣለሁ። አቧራው በሸራው ቀዳዳ ሁሉ ገብቶ፣ ስንደርስ እኔንና ብስክሌቷን በቀለም መለየት አይቻልም። የመንግሥት መኪና የግል ብስክሌት መጫን ይችል ነበር ወይ ብላችሁ አትጠይቁኝ፤ ልጅ ነበርኩ።

ወደ ኮሎራዶ ልመለስ። በመጀመሪያ ብስክሌቷን የምንጭነው በኮሮላችን ጀርባ ላይ በሚንጠለጠል መስቀያ ነበር። በጋውን ደህና ሄደ። ብርዱ ሲመጣ ግን እዚህ አገር መንገዱ ላይ በረዶ እንዳይጋገር ማግኒዥየም ክሎራይድ የሚባል ፈሳሽ ይረጫል፤ ከኋላ የተሰቀለ ብስክሌት ደግሞ ጎማው የሚወረውረውን ሁሉ ይጠጣል። አንድ ቀን ከተራራ ተመልሰን ሳናጥባት አደረች። በማግስቱ ካቴናዋ ቡናማ ሆኖ ጠበቀን። በዚያው ሰሞን የቡድን ጓደኛዋ ብስክሌት፣ ቤተሰቡ ምሳ እስኪበላ ድረስ ከመኪናው ጀርባ ተቆርጦ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ብስክሌቱ ክዳን ባለው ፒክአፕ እንዲሄድ ወሰንኩ።

እርግጥ ልቤ የፈለገው ሃይሉክስ ነበር። ጋሼ ሳቁብኝ። አሜሪካ ውስጥ በሃይሉክስ ስም አዲስ መኪና መሸጥ ከቆመ ቆይቷል፤ ስሙ እዚህ ገበያ ላይ የቀረው ገና እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ነው። ቀጥለውም የሚወዱትን የዶሮ ታሪክ አመጡ። አውሮፓውያን በአሜሪካ ዶሮ ላይ ቀረጥ ቢጨምሩ፣ ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን አጸፋውን ከውጭ በሚገቡ ቀላል የጭነት መኪኖች ላይ 25 በመቶ ቀረጥ ጣሉ። ያ እ.ኤ.አ. በ1964 ሥራ ላይ ዋለ። የዶሮው ጠብ ተረሳ፣ የመኪናው ቀረጥ ግን አሥርት ዓመታትን ተሻግሮ ቆየ። «ዶሮ ወጥ ስትበላ አስታውሰው» አሉኝ። ቶዮታ ለዚህ አገር ከ1995 ጀምሮ ያቀረበው ታኮማን ነው፤ የሃይሉክስ የሥጋ ዘመድ ነው ብለው አጽናኑኝ።

መጀመሪያ ያየናት ታኮማ ጥቁር ነበረች፣ የ2006 ሥሪት፣ ተወልውላ ፊት የምታሳይ። ዋጋዋም ሰው የሚያስጎመጅ። ካርፋክስ የሚባለውን የመኪና ታሪክ ሰነድ ሳነብ ግን ዕድሜዋን ያሳለፈችው ኦሃዮ ነው። እዚያ ክረምቱን ሙሉ መንገድ ላይ ጨው ይበተናል። ጋሼ ካርቶናቸውን አንጥፈው ገቡ። ሻጩና እኔ ቆመን የመዶሻውን ድምፅ እንሰማለን። ከጋቢናው ሥር ጠን፣ ጠን፣ ጠን ይላል። ወደ ኋላ፣ ባሌስትራው ሻንሲውን ወደሚይዝበት ሲጠጉ ድምፁ ተለወጠ፤ ድፍ አለ። እንደገና ድፍ። ከዚያ አንድ መዳፍ የሚያህል የዝገት ቅርፊት መነጽራቸው ላይ ወደቀ። ወጡ፣ መነጽራቸውን በሸሚዛቸው ጠረጉ፣ ሻጩን በእንግሊዝኛ «ናይስ ካር» አሉትና ወደ እኔ ዞረው በአማርኛ «እንሂድ» አሉ።

የዚህ ሻንሲ ጉዳይ በኋላ ሳጣራ የታወቀ ነው። ኩባንያው በቀረበበት ክስ እ.ኤ.አ. በ2016 የደረሰው ስምምነት ከ2005 እስከ 2010 የተሠሩ ታኮማዎችንም ያጠቃልላል፤ ጊዜው ሳያልፍ መበስበሱ የተረጋገጠ እንደሆነ ሻንሲው በነፃ ይለወጥ ነበር። ስለዚህ የዚያ ዘመን ታኮማ ሲገኝ ሁለት ነገር ይጠየቃል፤ የትኛው ግዛት ከረመች፣ ሻንሲዋስ ተለውጧል ወይ። የተለወጠላት ከተገኘች ጋሼ ሎተሪ ነው ይሉ ነበር።

የልኬቱ ነገር የእኔ ክርክር ነበር። ባለቤቴ አራት በር ፈለገች፤ አራት በር ያላት ታኮማ ግን አብዛኛውን ጊዜ ኋላዋ አጭር ነው፣ 153 ሳንቲ ሜትር ገደማ። የተራራ ብስክሌት ከጎማ እስከ ጎማ 180 ሳንቲ ያልፋል። ጋቢናዋ አነስ ያለችው፣ ከኋላ ትንሽ በር ያላት፣ 187 ሳንቲ ገደማ ትሰጣለች። በጎማ ቤቶቹ መካከል ያለው ስፋት 105 ሳንቲ፣ ጥልቀቱ ደግሞ 46 ነው። ይህ 46 የሚሉት ቁጥር ብዙ ሰው የማያስበው ነው። ክዳኑ ተዘግቶ ብስክሌት ቆሞ አይሄድም፤ መተኛት አለበት። ሲተኛ ደግሞ ቀና ብሎ የሚቀረው የመሪው ግማሽ ነው። የልጄ ብስክሌት መሪ ስፋቱ 76 ሳንቲ ስለሆነ ግማሹ 38 ይመጣል፣ ክዳኑን ሳይነካ ያልፋል። የፊት ጎማው ከተፈታና መሃል ብርድ ልብስ ከገባ፣ ሁለት ብስክሌት ተደራርቦ ይተኛል። ማርሽ ያለበት ጎን ሁልጊዜ ወደ ላይ ነው። ይህን ሁሉ በወረቀት ላይ ለባለቤቴ አስረዳኋት። «አራት በር» አለች። ሦስት ሰው ስለሆንን በመጨረሻ ተስማማች፤ የተስማማችው በዋጋው ይመስለኛል።

ዋጋውን ያወረደው በረዶ ነው። እ.ኤ.አ. ሜይ 8 ቀን 2017 ዴንቨርንና አካባቢዋን የመታው የበረዶ ውሽንፍር ከሁለት ቢሊዮን ዶላር በላይ አውድሟል፤ በግዛቲቱ ታሪክ ከዚያ የከፋ ኪሳራ ያደረሰ በረዶ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ኮፈንና ጣሪያቸው የተጎዳጎደ መኪኖች በርካሽ ይወጡ ነበር። የእኛም አንዷ ናት። የ2008 ሥሪት፣ ብርማ፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር 4.0 ሊትር። የቫልቩን ጊዜ የሚጠብቀው ካቴና እንጂ ቺንጊያ አይደለም፤ ስለዚህ በየጊዜው ቀይሩ የሚል ጣጣ የለም። ኋላዋ ውስጡ ብረት ሳይሆን ፕላስቲክ መሰል ውሁድ ስለሆነ አይዝግም፣ በረዶውም ምንም አላደረገው። ባለቤትየው ዓሣ አጥማጅ ሽማግሌ ነው፤ መኪናዋም ዕድሜዋን ኮሎራዶ ያሳለፈች ናት። ጋሼ ሥሯ ገብተው ከዳር እስከ ዳር ጠን ጠን አሰኟት።

ሲወጡ ሊብሬውን አስመጥተው «ሳልቬጅ»፣ ማለትም ክፉኛ የተጎዳ፣ የሚል ማኅተም እንደሌለበት አዩ። ከዚያ የድርድራቸውን ጥበብ አየሁ። አንድ ቃል አልተናገሩም። አውራ ጣታቸውን ኮፈኑ ላይ አንዱ ጉድጓድ ውስጥ አሳረፉ፣ ቀና ብለው ሽማግሌውን አዩት፣ ወደሚቀጥለው ጉድጓድ አለፉ። እንዲህ እያሉ ግማሽ ኮፈን እንደሄዱ ሽማግሌው ራሱ ዋጋ ቀነሰ። ቀጠሉ። ጣሪያው ላይ ሲደርሱ እንደገና ቀነሰ። «ጣሪያውን ባልነካ ጥሩ ነበር፣ አዘንኩለት» አሉኝ በመንገድ ላይ። ያዘኑለት አልመሰለኝም።

ክዳኑን ለብቻው ነው የገዛሁት። ጠንካራው ተጣጣፊ ክዳን ለሌባ አስቸጋሪ ነው፤ ሲከፈት ግን ተደራርቦ ጋቢናው ሥር ቦታ ይይዛል። እንደ ሱቅ መዝጊያ እየተጠቀለለ የሚገባው ያምራል፤ ዋጋው የሚያስደነግጥ ከመሆኑም በላይ የሚገባበት ሣጥን ከኋላዋ ርዝመት ይቆርጣል፣ ያን ሁሉ የተከራከርኩበትን ርዝመት። ከፋይበር ግላስ የሚሠራው ቤት መሰል ቆብ ለክረምት ወደር የለውም፤ ማውረድ ሲያስፈልግ ግን ጎረቤት መጥራት ነው። እኔ የሚጠቀለለውን ሸራ መረጥኩ። ፍርዴ ዛሬም ያው ነው፤ ብስክሌት ለሚጭን ሰው ከሸራ የሚሻል የለም። የቡድኑን ልጆች ብስክሌት ስንጭን ተጠቅልሎ ጋቢናው ሥር ይታሰራል፣ ብስክሌቶቹ የፊት ጎማቸውን ከስፖንዳው ውጭ አንጠልጥለው በላስቲክ ይታሰራሉ። አዎ፣ በካላማዳሪያ ላስቲክ። የሌሎቹ ወላጆች በውድ ቀበቶ ሲታገሉ እኔ ጨርሼ ቡና እጠጣለሁ። ሸራው አንድ ክፉ ጠባይ አለው፤ ብርድ ሲመታው ይኮማተራል፣ ጠዋት ጠዋት ካልሞቀ አልዘጋም ይላል።

የሸራው ጉዳይ እንዳለቀ ጋሼ የኋላውን ስፖንዳ እያዩ «ይሄ ቁልፍ የለውም» አሉ። እውነት ነው፤ የዚያ ዘመን ታኮማ ስፖንዳ በከፊል ዘንበል ተደርጎ ሲነሳ እንዲሁ ይነቀላል፣ ሌቦችም ይህን ስለሚያውቁ ስፖንዳውን ራሱን ይሰርቃሉ። ከኪሳቸው አንድ ፋሼታ አወጡና በቀኙ ማጠፊያ ዙሪያ አጠበቁት። ተራ የውኃ ቱቦ ማሰሪያ ነው። መዝጊያ ቁልፍ በኋላ አስገጠምኩ፤ ፋሼታውን ግን አልነካሁትም።

በዚያ መከር ወደ ፍሩታ ወረድን፣ ከዩታ ድንበር ብዙም ወደማትርቀው ደረቅ አገር። መንገዱ 3,400 ሜትር ገደማ ላይ በአይዘንሃወር ዋሻ ያልፋል። ዋሻው አፍ ላይ በረዶ ይጥላል፣ ያ ፈሳሽ ከፊታችን ካለው ትልቅ መኪና ጎማ እየተነሳ መስታወታችንን ይለቀልቃል። ልጄ ወደ ኋላ እየዞረች ታያለች። «አባዬ፣ ይገባ ይሆን?» ፍሩታ ፀሐይ ነበር። ሸራውን ስንጠቀልለው ካቴናው ደርቆ በዘይቱ እንዳለ ተኝቷል። ጋሼም አብረውን ነበሩ፤ ብስክሌት ሊነዱ ሳይሆን፣ የተራራውን መውጫ መኪናዋ እንዴት እንደምትችለው ሊሰሙ። በሦስተኛ ማርሽ ስትወጣ አልተናገሩም፤ ያ ከእሳቸው ምስጋና ነው።

ልጄ አሁን ኮሌጅ ናት፣ ታኮማዋም በረዶ እንደደበደባት አለች። ጋሼ ጤናቸው ደህና ነው፤ መሬት ላይ መተኛቱን ግን ሐኪም ከልክሏቸዋል። እናንተ ለብስክሌት ብላችሁ ፒክአፕ ልታዩ የምትሄዱ ከሆነ ካርቶንና መዶሻ አትርሱ። ብስክሌቷንም ይዛችሁ ሂዱና ሻጩ ፊት አስተኝታችሁ ለኩ፤ ቢስቅም ይሳቅ።